የሕንዶቹ ምግብ ቤትና ሁለቱ ልጆቼ

ታላቁ ልጄ የደረሰው እናቱ ከተቀበረች በኋላ ነው። ቀብሩ አልፎ፣ ሣልስቷ ሆኖ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አቧራ እንደለበሰ በበሩ ብቅ አለ። ያን ሰሞን መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ መኪና የሚባል አልነበረም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ለቅሶ የተቀመጠውም ሰው ሁሉ ያውቃል። ታናሹ ግን እናቱን ሲያስታምም የከረመ፣ ውኃ በማንኪያ እየጨለፈ ሲያጠጣት የቆየ ልጅ ነው። ልቡ ቆስሎ ስለነበር ወንድሙን ገና ሲያየው ያልሆነ ቃል ከአፉ ወጣ።

«አሁን ነው የመጣኸው? ለለቅሶ ነው ወይስ ለእንግድነት?» አለው፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። «ከደብረ ብርሃን እዚህ በእግርም ይመጣል። ለፈለገ ሰው ይመጣል።»

ለታላቁ ጎረቤት ያመጣው እዝን ቀርቦለት፣ ለእጁ ውኃ ሊያፈሱለት ቆመው ነበር። ሳይታጠብ ተነሣና ወጣ። በእኛ በመንዝ እዝን ሳይቀምሱ ከለቅሶ ቤት መውጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ከዘመድነቱ ወጥቻለሁ ብሎ እንደ መናገር ነው። ታናሹም ይህን ያውቃል። ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙሮ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ቃል አልተለዋወጡም። ታናሹ «የዚያን ሰውዬ ደጅ አልረግጥም» ብሎ ማለ። ታላቁ ደግሞ በሰው በሰው «ይቅርታ ሳልጠየቅ መንዝ አልመለስም» ብሎ ላከ። እኔ ጠበቅሁ። መቸኮል ተፈጥሮዬም አይደል። በጋው ቢያለዝባቸው ብዬ ጠበቅሁ፣ ክረምቱ ቢያለዝባቸው ብዬ ጠበቅሁ። ክረምቱም ወጣ፣ ገብሱም ደረሰ፣ ታጭዶም ተከመረ፣ የገና ጾምም ገባ። የእናታቸው ሙት ዓመት ጥር ላይ ነው። ያን ጊዜ እንዲሁ በመጠበቅ የሚሆን ነገር እንዳልሆነ ገባኝ።

የነፍስ አባታችን ስለ ተዝካሩ ሊነጋገሩ ሲመጡ «አባ፣ ልጆቿ ሳይታረቁ ድግስ አልደግስም» አልኳቸው።

«ጸሎቱስ?»

«ጸሎቱ ይደረግ። ድግሱ ግን አንዱ ከዚህ ማዶ አንዱ ከዚያ ማዶ ቆሞ የሚያሳልፈው ከሆነ ይቅር። ሁለቱም የእሷ ልጆች ናቸው።»

እሳቸውም «እንግዲያማ አስታርቃቸው» አሉኝና ሄዱ።

በእኛ አገር የተጣላ ሰው ጉልበት መሳም፣ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ብቻ አይበቃውም። ከአንድ ትሪ ካልበላ ዕርቁ እንደ ዕርቅ አይቆጠርም። ከዚያ በፊት የተባለው ሁሉ ወሬ ነው፤ ሲወጡ ይረሳል። ስለዚህ የእኔ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለቱን አንድ ትሪ ላይ ማስቀመጥ። ከእግዚአብሔር ጋር ይህን ሳላደርግ እንዳልመለስ ቆርጬ ተነሣሁ።

ለታናሹ «ደብረ ብርሃን ትሸኘኛለህ» አልኩት።

«ምን ሊያደርጉ?»

«ወንድምህ ጋ።»

«እሸኝዎታለሁ። ደጁ ግን አልደርስም።»

«አትድረስ።»

ዘመሮ ከተማ ላይ አውቶቡስ ያዝን። መንገዱን በሙሉ ስለ ገብሱ ብቻ ተጫወትን። ደብረ ብርሃን ስንደርስ እሱ መናኸሪያው አጠገብ ያገራችን ሰው ቤት አደረ፤ እኔ ታላቁ ዘንድ ገባሁ።

ታላቁ ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ነው። አለቆቹ ሕንዶች ናቸው። ደህና ኑሮ አለው፣ ደህና ሚስትም አለችው። የመጣሁበትን ስነግረው እሺ አለ፤ እሺ ለማለት አጋጣሚ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ፈጥኖ ነው እሺ ያለው። ችግሩ ቦታው ሆነ። ታናሹ እዚህ ቤት አይገባም፣ ይህም መንዝ አይሄድም። እኔ መናኸሪያው ጋ አንድ የጾም በያይነቱ የሚሸጥ ቤት አይቼ ነበርና እሱን አሰብሁ። ታላቁ ግን እንቢ አለ።

«አባዬ፣ እርስዎን እዚያ አላስቀምጥም። አለቆቼ የሚበሉበት የሕንዶች ምግብ ቤት አለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከተማውን በሙሉ ያሳያል።»

«ጾም ነው እኮ» አልኩ።

ሚስቱ ከጓዳ ሆና «አባባ፣ ሕንዶች ሥጋ የሚባል አይበሉም። ነገራቸው ሁሉ ጾም ነው» አለች።

አመንናት። እሷም አምናበት ነው የተናገረችው። እኛ ዘንድ ሰው ሥጋ አልበላም ካለ ጾሟል ማለት ነው፤ ሥጋ ትቶ ቅቤ የሚበላ ፍጡር ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ከሦስታችን አንዳችንም ከዚያ አልፈን አልጠየቅንም። ልጄም ከምግቡ ይልቅ ቦታውን እንደፈለገው ገብቶኛል። ወንድሙ እንዲያይለት ነው የፈለገው። ምን እንደሆነ እንጃ፤ እዚህም ሰው ነኝ፣ የምቀመጥበት አለኝ ለማለት ይሆናል። አልተቃወምኩትም።

በማግሥቱ ረቡዕ ነበር፤ ማለዳ ሄጄ ታናሹን እዚያ ና አልኩት። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጾመን፣ ከዚያ ሄድን። ታናሹ ቀድሞን ሕንጻው በር ላይ ቆሞ ከጥበቃው ጋር ክርክር ይዟል። ጥበቃው ነጭ ቆብ ያደረጉ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው።

«ዱላህን እዚሁ አኑር ነው የምልህ» ይሉታል።

«ምን ያደርግዎታል ዱላዬ?»

«እኔን ምንም። ላይ ያሉት ይደነግጣሉ።»

«በዱላ የሚደነግጡ ካሉ እኔ ምን ላድርግ?» አለና እኔን ሲያይ ዱላውን ሰጣቸው። ወንድሙን ባያየው ይመርጥ ነበር፤ ግን ደረጃው ጠባብ ነውና ተከታትለው ወጡ፣ እኔን መሐል አድርገው።

ቤቱ ያምራል። ውሸት አልናገርም። ምንጣፍ አለው፣ ግድግዳው ላይ የዝሆን ሥዕል አለ፣ ወንበሩ ሰው የሚውጥ ወንበር ነው። በመስኮቱ የፋብሪካዎቹ ቆርቆሮ ጣራ ሁሉ ይታያል። ከእኛ ሌላ ሰው ግን አልነበረም። ቀይ ሰደርያ የለበሰች አስተናጋጅ መጥታ ለእያንዳንዳችን እንደ ዳዊት የወፈረ ሜኑ ሰጠችን። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ከመድገም ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ያ ደግሞ ግማሹ በፈረንጅ ቋንቋ ነው። ሥዕሉን እያየሁ ገለጥሁ። ታናሹ ግን ቁጥር ያውቃልና ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ ቆመ።

«አባዬ» አለኝ ጠረጴዛው ማዶ ያለውን ሳያይ፣ «ልጅዎን ይጠይቁልኝ። ይህ የምስሩ ዋጋ ነው ወይስ ምስሩ ከነእርሻው ነው?»

ታላቁም እኔኑ እያየ «ለልጅዎ ይንገሩልኝ፣ ከነወንበሩ ነው» አለ።

«እንግዲያ ወንበሩን ስወጣ ይዤው ልሂድ?»

«ከቻለ ይሸከመው።»

በመካከላቸው የአንድ ክንድ ያህል ነው ያለው። እኔ እንደ አስተርጓሚ ተቀምጬ ይህን ያህል እንኳ መነጋገራቸው ደስ ብሎኛል። ሣቄን በበርኖሴ ጫፍ ሸፈንኩት። ዋጋውን በኋላ ነግረውኛል፤ እዚህ አልጽፈውም። አንድ ጠቦት ይዤ ዘመሮ ገበያ ብቆም ከዚያች የምስር ሳህን የተረፈ ነገር ይዤ እገባ ይሆን እንጃ፣ ይህን ያህል ነው።

ምግቡ የመጣው በጣም ቆይቶ ነው። ቀኑን ሙሉ ጾመናል። እኔ እንደ ቤታችን አንድ ትሪ ይመጣል ብዬ እጄን ታጥቤ ተዘጋጅቻለሁ። የመጣው ግን ሌላ ነው። የመዳብ የሚመስሉ ትንንሽ ድስቶች ናቸው፤ ወፍ ጠጥታ የማትጠግብባቸው። ለእኔ ሁለት፣ ለእሱ ሁለት፣ ለዚያኛው ሁለት፤ ለየአንዳንዱም የየራሱ ሳህን። አስተናጋጇ ደርድራ ደርድራ ስትጨርስ እያንዳንዳችን በየፊናችን አጥር የታጠረልን መሰልን።

ታናሹ ሳህኑን ሳይነካ አፍንጫውን ነፋ። «አባዬ፣ ቅቤ ሸተተኝ።»

እኔም ሸቶኝ ነበር፤ የሚሆን አልመሰለኝም እንጂ። አስተናጋጇን ጠራኋት። «ልጄ፣ ይህ ጾም ነው አይደል?»

«አዎ አባባ። ሥጋ የለውም።»

«ቅቤስ?»

«እ… ትንሽ ቅቤ አለው። ግን የሕንድ ቅቤ ነው።»

«የሕንድ ቅቤ ከላም አይደለም እንዴ የሚወጣው?» አለ ታናሹ።

«ከላም ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ይኼስ፣ ጎመኑ መሐል ነጭ ነጭ ያለው?»

«አይብ ነው።»

«ይኼኛውስ?»

«እሱ ክሬም ነው… ከወተት።»

እንዲህ እያለ ጣቱን ሲያዞር ጠረጴዛው ላይ ላንድ ጾመኛ የሚሆን አንድ ነገር ቀረ፤ የተከተፈ ሽንኩርትና ሎሚ። ልጅቱ ጥፋት የለባትም፤ የተነገራትን ነው የተናገረችው። ታላቁ ፊቱ ጠቆረ። ሊያስደንቀው ያመጣው ወንድሙ፣ ያ ሁሉ ምግብ ፊቱ ቀርቦ ሽንኩርት ሊበላ ነው። እኔ አፌን ከፍቼ አንድ ነገር ልናገር፣ ሣቅ ላደርገው ሳስብ ታናሹ ቀደመኝ።

«ለልጅዎ ይንገሩልኝ» አለ። «እናቴን አልቀበረ፤ አሁን ደግሞ ጾሜን ሊያስፈታኝ ነው የጠራኝ?»

ያን ቃል መልሶ ሊውጠው ቢችል ይውጠው ነበር፤ ከዓይኑ አይቻለሁ። ግን ወጥቷል። ታላቁ ተነሣ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ወረደ። ታናሹ አንገቱን ደፍቶ ትንሽ ተቀመጠና እሱም ወረደ። እኔ ከስድስት ድስት ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

የተሠራ ምግብ ጥሎ መሄድ አልቻልሁም። አስተናጋጇን «ቋጥሪልኝ» አልኳት። ቋጠረችልኝ። ስወርድ ታች በር ላይ ለቆሙት ጥበቃ ሰጠኋቸው።

«እርስዎስ፣ አባቴ?» አሉኝ።

«እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ቅቤ አለበት።»

ፌስታሉን ገለጥ አድርገው አዩት። «ሥጋ ግን የለበትም አይደል? የክርስቲያን ሥጋ እኮ አልበላም።»

«ሥጋ የለበትም።»

«እንግዲያ ለእኔ የታዘዘ ነው» ብለው ሣቁ። ያን ቀን በዚያ ምግብ የጠገቡ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ይጣፈጥላቸው።

በነጋታው ማለዳ መናኸሪያው ጋ ወዳደረበት ቤት ስሄድ ታናሹን ጓዙን ቋጥሮ፣ ዱላውን ይዞ ተነሥቶ ነው ያገኘሁት።

«ወዴት ነው?»

«አገሬ። ገብሱ እኮ ሜዳ ላይ ነው አባዬ። ዝናብ ቢመጣበትስ?»

«በታኅሣሥ ምን ዝናብ አለ?»

«ውርጭ አለ።»

«ውርጭ የታጨደ ገብስ ምን ያደርጋል?»

ጓዙን ሰቅሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «አባዬ፣ ያን መናገር አልፈለግሁም ነበር» አለ። ይህን መስማት ያለበት እኔ አልነበርኩም። «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያው ሕንጻ በር ላይ ቁም» አልኩት።

«እዚያው?»

«እዚያው።»

ታላቁ ደግሞ ይብስ እንቢ አለኝ። «አባዬ፣ ሌላ የፈለጉትን ቤት ይበሉኝ። እዚያ ቤት ግን ፊቴን አላሳይም። በያይነቱም ቢሉኝ እሺ፣ መናኸሪያም ቢሉኝ እሺ።»

እኔ ሌሊቱን ሳስበው አድሬአለሁ። ሌላ ቤት ብንሄድ ሊበሉ ይችላሉ። ነገር ግን ያ ጠረጴዛ በመካከላቸው ሊቀር ነው። ቀድሞ በድንኳኑ ነገር ነበር የተኮራረፉት፤ አሁን ደግሞ ያ ጠረጴዛ ተጨመረበት። ታላቁ ከአለቆቹ ጋር እዚያ በተቀመጠ ቁጥር የወንድሙ ቃል ይሰማዋል። ታናሹም ደብረ ብርሃንን ባሰበ ቁጥር ያን የጠቆረ ፊት ያያል። አንድ ቁስል ላድን መጥቼ ሁለት ጥዬ ልሄድ አልችልም።

«እዚያው ነው» አልኩት። «ሂድና ንገራቸው። ቅቤ አይግባበት፣ በዘይት ይሥሩ።»

ሄዶ ነገራቸው። ሲመለስ ፊቱ ላይ ትንሽ ሣቅ አለ። «በዘይት ሲሆን ይጨምራል አሉኝ፤ ልዩ ትዕዛዝ ነው።»

«ቅቤው ሲወጣ ዋጋው ይወጣል?»

«አዎ።»

«ጉድ ነው» አልኩ። «ክፈል።»

ዓርብ ሦስታችንም እዚያው ደረጃ ላይ ተገናኘን። ጥበቃው ዱላውን ሳይጠይቁ ተቀበሉትና «ዛሬስ ቅቤ ይኑርበት ብዬ ዱዓ አድርጌአለሁ» አሉኝ። ያችው ልጅ ተቀበለችን፤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችን። ዛሬ አንድ ሌላ ሰው አለ፤ ጥግ ላይ የተቀመጡ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሕንድ። የቤቱ ባለቤት ናቸው አለች። ገና ምሳቸውን ሊበሉ ነው።

እኛም ጠበቅን። ልጆቼ በእኔ በኩል እንኳ አልተነጋገሩም። ታናሹ በመስኮት የጣራ ቆርቆሮ ይቆጥር ይመስላል፤ ታላቁ ስልኩን ያገላብጣል። በመጨረሻ ድስቶቹ መጡ። ምስር በዘይት፣ ድንችና አበባ ጎመን በዘይት፣ ሩዝ፤ በላያቸውም ትኩስ ቂጣ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እዚህም እዚያም የጠቆረ። ቂጣውን ሳይ ደስ አለኝ። የሚቆረስ ነገር መጣ ማለት ነው። አንሥቼ ለሁለት ከፈልሁት፤ ግማሹን ለአንዱ ግማሹን ለአንዱ ልሰጥ እጄን ከዘረጋሁ በኋላ የረቡዑ ነገር ትዝ አለኝ።

«ልጄ፣ ቂጣው ውስጥ ምን አለ?»

«ዱቄት ነው አባባ።»

«ሌላስ?»

ወጥ ቤት ገብታ ቆየች። ስትመለስ ከፊቷ አወቅሁት። «ሊጡ በእርጎ ነው የሚቦካው» አለች። «ወጡን ነው በዘይት ያሉን እንጂ ስለ ቂጣው አላዘዙንም።»

ሁለቱም እኔን ያያሉ፤ እኔ ደግሞ የቆረስኩትን ቂጣ ይዤ እጄ በአየር ላይ ቀርቷል። እንዲያው በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ተስፋ ለመቁረጥ የቀረብሁበት ጊዜ የለም። ቂጣውን ወደ ቦታው መለስሁት። ከዚያ ታላቁ ሹካውን አነሣ። ታናሹም ማንኪያውን አነሣ። እያንዳንዳቸው ወደየሳህናቸው ጥቂት ሩዝ ጨለፉ። እንዲህ ቢበሉ መንገድ ላይ ሆቴል ገብተው አንድ ጠረጴዛ እንደተጋሩ መንገደኞች ናቸው፤ በልተው ወጥተው እያንዳንዳቸው በየመኪናቸው ይሄዳሉ። ያ እኔ የመጣሁበት አይደለም።

ዓይኔ ወደ ጥጉ ሄደ። ባለቤትየው እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው፣ ከንፈር ያለው ሰፊ የብረት ትሪ ፊታቸው አድርገው በእጃቸው ይበላሉ። ሩዝና ምስር ነው። በጣታቸው ለወስ አድርገው፣ ጠቅለል አድርገው፣ በአውራ ጣታቸው ወደ አፋቸው ገፋ ያደርጉታል። እንደ እኛው። እኛ ከዚያ ዋጋ ጋር በሹካ እንሰቃያለን፤ ጌታው በእጃቸው ይበላሉ።

አስተናጋጇን «እንደ እሳቸው ያለ ትሪ አምጪልን» አልኳት።

«አባባ፣ እሱ የቤት ዕቃ ነው። ለእንግዳ አይወጣም።»

«ጠይቂያቸው።»

«አባዬ፣ ይተዉት» አለ ታላቁ። ላቡ ፊቱ ላይ ወጥቷል። እነዚያ አለቆቹ ነገ ይሰሙ ይሆናል።

«አልተውም። ጠይቂያቸው፣ ልጄ። ልጆቼን ላስታርቅ ነው በያቸው።»

ሄዳ ነገረቻቸው። ሰውዬው ወደ እኛ ዞረው ብዙ አዩን፤ እኔን፣ አንዱን ልጄን፣ ሌላውን። ከዚያ ራሳቸው ተነሥተው ገቡና የእሳቸውን የመሰለ ንጹሕ ትሪ በግራ እጃቸው ይዘው መጡ። ጠረጴዛው መሐል አኖሩት። በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ፤ ምን እንዳሉ አላውቅም። እጅ ነሣኋቸው፣ እሳቸውም ነሡኝ።

እኔም ድስቶቹን አንድ በአንድ ገለበጥኋቸው። ሩዙን ከታች፣ ምስሩን ከላይ፣ ድንቹን ወደ ጎን። ስድስቱም ተገልብጠው የትሪውን ወገብ አልሞሉም፤ ይህን ያህል ነበር ያስከፈሉን። ሹካውንና ማንኪያውን ሰብስቤ ለልጅቱ ሰጠኋት። «ብሉ» አልኳቸው። «ከዚህ የሚነሣ የለም። ሳትበሉ ቢመሽም እዚሁ ነን፤ እዚሁ እናድራለን።»

ሩዝ እንጀራ አይደለም። ታናሹ ጨብጦ ሲያነሣው ከጣቶቹ መሐል ሁሉ ፈሰሰ። ጨርቁ ላይ፣ ጉልበቱ ላይ ተበተነ። እንደገና ሞከረ። እንደገና ተበተነ።

«ጨብጠው እንጂ!» አለ ታላቁ።

«እየጨበጥሁ እኮ ነው።»

«ምስሩ ያለበትን ያዝ። ደረቁን እኮ ነው የምታነሣው።»

«አንተ አሳየኛ፣ አለቃ!»

ታላቁ ኮቱን አወለቀ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ለወስ አድርጎ ጠቅልሎ ጎረሰ። አኘከ። ፊቱን አኮሳተረ።

«ምነው?» አለው ታናሹ።

«ጨው የለውም።»

ታናሹም ቀመሰ። «ጨው? ስኳር ነው እኮ ያለው። ምስር ወጥ ላይ ስኳር ያደረገ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«ድንቹም ይጣፍጣል፣ በስኳር።»

«ለዚህ ነው ያን ሁሉ የከፈልከው?»

«ለዚህ ነው።»

እዚህ ላይ ነው የሣቁት። መጀመሪያ ታናሹ፣ ቀጥሎ ታላቁ። እኔ አልሣቅሁም፤ በሥራዬ ላይ ነበርኩ። ቅምስ አድርጌ ጠቅልዬ ታላቁን አጎረስኩት፣ ቀጥዬ ታናሹን አጎረስኩት። «አሁን እናንተ» አልኩ። ታናሹ ያቺን የምትፈስ ሩዝ በሁለት እጁ ጠቅልሎ፣ ግማሿ እየወረደች፣ የወንድሙ አፍ ጋ አደረሰ። ጺሙ ላይ ቀረ አብዛኛው። ታላቁም መለሰለት።

ከዚያ በሉ። ዓይኑን ከትሪው ሳያነሣ ታናሹ «ያን ጊዜ እውነት መንገዱ ጨርሶ ተዘግቶ ነበር?» አለ።

«ተዘግቶ ነበር።»

«በእግርም?»

«በእግርም ወጥቼ ነበር። ኬላ ላይ መለሱን።»

«እሺ» አለ ታናሹ።

ያቺን «እሺ» ፍለጋ ነው ከመንዝ የመጣሁት። ሌላ ይቅርታ ተጠያየቁ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አላየሁም። ምስሩን ግን ጨረሱት፤ ትሪውን ጠረጉት። ስንወጣ ጥበቃው «ዛሬ ምንም አልተረፈም?» አሉኝ። «ዛሬ ምንም አልተረፈም» አልኳቸው። ደረጃው ላይ ሁለቱ ከፊት ከፊቴ ስለዚያ ምስር ጣዕም እየተከራከሩ ወረዱ፤ ተራበን፣ መናኸሪያው ጋ በያይነቱ እንብላ እየተባባሉ። ሄደን በላን። እዚያ ጨው አለው።

የእናታቸው ሙት ዓመት በጥር ወጣ። ታላቁ ከነሚስቱ ቀድሞ መጣ። ዳሱ ሲጣል አንዱ ምሰሶ ጠመመ አልጠመመም እያሉ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ፤ ምሰሶው ጠሟል፣ ግን አልተናገርሁም። ድግሱን ሁለቱ አብረው ሲያሳልፉ ዋሉ። ካህናቱ በሉ፣ አገር በላ። የነፍስ አባታችን «እንዴት አድርገህ ነው?» ቢሉኝ «ሕንዶች ረዱኝ» አልኳቸው። ቀልድ መሰላቸው።

ዘንድሮ ደግሞ በባሕር ዛፉ ነገር ቃል ተለዋውጠዋል። ታላቁ ይሸጥ ይላል፣ ታናሹ አልደረሰም ይላል። በስልክ ሲጯጯሁ እሰማለሁ። ስለሚነጋገሩ አልገባሁበትም። ዝም የተባባሉ ዕለት ግን በማግሥቱ በርኖሴን ለብሼ አውቶቡስ ላይ ነኝ። ጉልበቴ እንደ ዱሮው አይደለም፣ ሦስተኛ ፎቅም ሩቅ ነው። ቢሆንም ያ ቤት ከሆነ ያው ቤት ይሁን፤ ቢወደድም፣ ምስሩ ላይ ስኳር ቢያደርጉበትም። ሳይበሉ አይነሡም።